የመርከበኛው ሳጥን፤ የነጋዴ የግል ወረቀት ስንት ያወጣል?

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አንዲት ወረቀት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፡፡ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ትባላለች፡፡ ዋናው ቅጂ ካልቀረበ፣ ባንኩም በጀርባዋ ካልፈረመባት ዕቃው ጅቡቲ ላይ ቆሞ የወደብ ኪራይ ይቆጥራል፡፡ ስለዚህ ነጋዴው ካዝና ውስጥ ይቆልፍባታል፡፡ ይኸው ሰው ግን ስለ ቡራዩ መጋዘኑ ውል ቢጠየቅ «ፎቶ ኮፒው ደላላው ዘንድ አለ» ይላል፡፡ የሱሉልታው ቦታስ? «ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፡፡» ለጓደኛው ያበደረውስ? «በቃል ነው፤ ወንድሜ ማለት እኮ ነው፡፡»

የአንድ ኮንቴይነር ወረቀት የሚጠብቅ ሰው የዕድሜ ልክ ሀብቱን ወረቀት ለምን ይጥላል? የዛሬው ትምህርታችን ይህንን ይመለከታል፡፡

የነጋዴ ወረቀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሒሳብ መዝገቡን ነው፡፡ የሒሳብ መዝገብ ግን ጠባቂ አያጣም፡፡ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ኦዲተሩና ግብር ሰብሳቢው ያዩታል፡፡ ጠባቂ የሌላቸው የግል ወረቀቶች ናቸው፤ የትምህርትና የአገልግሎት ማስረጃ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የቤት ውልና ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የብድር ሰነድ፣ ኑዛዜ፣ የዕለት ማስታወሻ፡፡ እነዚህን ከባለቤታቸው በቀር የሚቆጣጠር የለም፡፡ ባለቤታቸው የሞተ ዕለት ግን ሁሉም ይፈልጋቸዋል፡፡

የባሕር ኃይል ሰው ምን ያስተምረናል?

ወረቀት በመያዝ የታወቁት መርከበኞች ናቸው፡፡ በጉዞ ላይ ያለ መርከብ ሎግ ቡክ የሚባል የጉዞ መዝገብ አለው፡፡ ተረኛው በፈረቃው የመርከቡን አቅጣጫ፣ ፍጥነቱን፣ የአየሩን ሁኔታና የደረሰውን ነገር ሁሉ ከነሰዓቱ ይጽፋል፡፡ የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍና ይፈረምበታል፡፡ አደጋ ቢደርስ መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን መዝገብ ነው፡፡ በዕለቱ መጻፍ፣ አለመፋቅ፣ መፈረም፡፡ ሦስቱም ለነጋዴ ይሠራሉ፡፡

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የራሱ ዕጣም ትምህርት አለው፡፡ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ጦር ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ ነበር፡፡ በ1954 ዓ.ም ከአሜሪካ የተረከባት «ኢትዮጵያ» የተሰኘች መርከብ ከመርከቦቹ ሁሉ ትልቋ ነበረች፡፡ በየካቲት 1982 ዓ.ም ምጽዋ ተያዘች፡፡ በግንቦት 1983 ዓ.ም ከቀሩት መርከቦች አብዛኞቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ፡፡ ወደ ጅቡቲ የተዛወሩት ደግሞ በ1989 ዓ.ም መጀመሪያ በሐራጅ ተሸጡ፡፡ ተቋሙ እንደገና መደራጀት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው፡፡ ጦር ሰፈሩም ኮሌጁም ዛሬ በሌላ አገር ናቸው፡፡ ከዚያ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው «ዲፕሎማዬ ጠፋብኝና ሌላ ቅጂ ስጡኝ» ብሎ የት ይሄዳል? ወረቀቱን በሳጥኑ ያቆየ ብቻ አገልግሎቱን ያስረዳል፡፡ ወረቀት የሰጠ መሥሪያ ቤት ከወረቀቱ በፊት ሊጠፋ እንደሚችል የባሕር ኃይል ሰዎች ከማናችንም ቀድመው አይተዋል፡፡

ሳጥኑ ሲከፈት

ለትምህርቱ እንዲመች አንድ ሰው በሐሳባችን እንሣል፡፡ ስም አንሰጣቸውም፡፡ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ናቸው፡፡ ከተሰናበቱ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሥራ አስኪያጅነት ሠርተዋል፡፡ በኋላም በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ላይ መጋዘን፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ላይ ሰፊ ቦታ አፍርተዋል፡፡ ለአንድ የንግድ ወዳጃቸው 400 ሺህ ብር አበድረዋል፡፡ ሰፈሩ «የናጠጡ ሀብታም» ይላቸዋል፡፡ አረፉ፡፡ ከአርባው በኋላ ልጆቻቸው አልጋ ሥር የነበረውን የብረት ሳጥን ከፈቱ፡፡

1ኛ/ የሰበታው ወርክሾፕ፡፡ የሊዝ ውሉ፣ ካርታው፣ የየዓመቱ ክፍያ ደረሰኝ በቅደም ተከተል ተሰፍቶ ተገኘ፡፡ ባንክ ቤቱን በመያዣነት ይዞት ነበር፤ ብድሩ ሲያልቅ የተሰጠው የመያዣ መልቀቂያ ደብዳቤም አብሮ አለ፡፡ እዚህ ላይ ወራሾቹ ጭንቀት የለባቸውም፡፡

2ኛ/ የቡራዩው መጋዘን፡፡ ውሉ አለ፤ ሻጭ፣ ገዥና ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፡፡ ገንዘቡም በሙሉ ተከፍሏል፡፡ ነገር ግን ውልና ማስረጃ አልቀረበም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ ካርታው ዛሬም በሻጩ ስም ነው፡፡ የሻጩ ልጆች «አባታችን አልሸጠም» ቢሉ ክርክሩ ረዥም ነው፡፡ በጊዜው ለምዝገባ ያልወጣው ጥቂት ብር አሁን በጠበቃ አበል ይከፈላል፡፡

3ኛ/ የሱሉልታው ቦታ፡፡ የተገኘው በተለምዶ የመንደር ውል የሚባለው ነው፡፡ ደላላው አገናኝቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ከአርሶ አደር የእርሻ መሬት «የተገዛበት» ወረቀት ነው፡፡ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፡፡ ስለዚህ ይህ ወረቀት ቢሰፋም፣ ቢታተምም፣ በካዝና ቢቀመጥም ዋጋ የለውም፡፡ ወረቀት የፀናውን መብት ያስረዳል እንጂ የሌለውን መብት አይወልድም፡፡ ገዥዎችም ደላሎችም ይህቺን ነጥብ ልታሰምሩባት ይገባል፡፡

4ኛ/ የብድሩ ገንዘብ፡፡ መኮንኑ እንደ መርከበኛ ልማዳቸው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የብሩን መጠን በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈዋል፡፡ ተበዳሪው ግን አልፈረመበትም፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በሌላ መንገድ ማስረዳት እንደማይቻል ይናገራል፡፡ አበዳሪው ብቻውን የጻፈው ማስታወሻ ያስታውሳል እንጂ ተበዳሪውን አያስርም፡፡ ገንዘቡ በወዳጁ ሕሊና ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፡፡

5ኛ/ ኑዛዜው፡፡ በገዛ እጃቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፉት ኑዛዜ ተገኘ፡፡ ሕጉ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ይቀበላል፡፡ ሆኖም ከተጻፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፡፡ ቁጥር 903 በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል ይላል፡፡ የአባት ቃል በአልጋ ሥር ጊዜው አለፈበት፡፡

ሒሳቡን እንደምረው፡፡ ሰፈሩ አራት ሀብት ቆጥሮ ነበር፤ ወርክሾፕ፣ መጋዘን፣ ቦታ፣ የተበደረ ገንዘብ፡፡ ሳጥኑ ያረጋገጠው አንዱን ነው፡፡ አንዱ ለክርክር፣ አንዱ ለወዳጅ ሕሊና ቀረ፡፡ አንዱ ከመጀመሪያውም አልነበረም፡፡

የሞተ ካፒታል

የፔሩ ኢኮኖሚስት ሄርናንዶ ዴ ሶቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ በድሃ አገሮች ብዙ ሰው ቤትም ንግድም እንዳለው፣ ነገር ግን ወረቀቱ የተሟላ ስላልሆነ ሀብቱ «የሞተ ካፒታል» እንደሚሆን ያስረዳል፡፡ ነገሩ ለእኛ ነጋዴ ግልጽ ነው፡፡ ካርታ ያለው መጋዘን ዕቃ ያከማቻል፣ በዚያው ላይ ባንክ ሄዶ ብድር ያመጣል፡፡ ካርታ የሌለው መጋዘን ዕቃ ከማከማቸት አያልፍም፡፡ ጣሪያውና ግድግዳው አንድ ዓይነት ቢሆንም አንዱ ሁለት ሥራ፣ ሌላው አንድ ሥራ ይሠራል፡፡ ሲሸጥም ደላላ «ሙሉ ካርታ ያለው» ብሎ የሚጠራውና «ውል ብቻ ያለው» ብሎ የሚያንሾካሹክበት ዋጋቸው እኩል አይደለም፡፡

መንግሥትም ከተማም ሲለወጥ

«እኔ በይዞታዬ ተቀምጫለሁ፤ ማን ይነካኛል?» የሚል አይጠፋም፡፡ ታሪኩን እንይ፡፡ በ1967 ዓ.ም ደርግ በታኅሣሥ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ በጥር ፋብሪካዎችን፣ በየካቲት የገጠር መሬትን፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፡፡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም፣ ከአዋጆቹ ውጭ አላግባብ የተወሰዱ ንብረቶችን ለማጣራት አዋጅ ቁጥር 110/1987 ወጣ፡፡ ቤቱ ትርፍ እንዳልነበረ፣ ንብረቱ አዋጁ የማይመለከተው እንደነበር የሚያስረዳው ምን ነበር? በመካከሉ ሃያ ዓመት፣ እስርና ስደት፣ የቤት መፈተሽም አልፏል፡፡ በዚያ ሁሉ ውስጥ ወረቀቱን ያቆየና ያላቆየ አመልካች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፡፡

ወደ ዛሬው እንምጣ፡፡ በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በውስጡ ተጠቃለሉ፡፡ በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል፡፡ የአስተዳደሩ ስም፣ ማኅተምና ደረጃ ሲቀየር ፋይል ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት ይጓዛል፡፡ በመንገድ ላይ ያለ ፋይል ደግሞ በማዕበል ውስጥ እንዳለ መርከብ ነው፡፡ «ቡራዩ ከተማ አስተዳደር» የሚል ማኅተም ያለበትን አሮጌ ደረሰኝ ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትጣሉት፡፡ የይዞታችሁን ዕድሜ የሚናገረው እርሱ ነው፡፡

በብር የማይቆጠረው

ከሳጥኑ ሥር ሌላም ነገር ነበር፤ የመርከብ ላይ ፎቶግራፍ፣ የአገልግሎት ወረቀት፣ የትራንዚት ሥራ ደብዳቤዎች፣ የማስታወሻ ደብተሮች፡፡ ልጆች ብዙ ጊዜ ይህን «ቆሻሻ» ለሱቅ በርበሬ መጠቅለያ በኪሎ ይሸጡታል፡፡ የንግድ ባንክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ተፈራ ደገፌ በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ የጻፉትን የእስር ማስታወሻ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል፡፡ ዛሬ የዚያን ዘመን የባንክ ሰው ዕጣ ለማወቅ የሚፈልግ ከዚያ ይጀምራል፡፡ በጣሊያን አገር በፕራቶ ከተማ በ1410 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሞተው ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ 150 ሺህ ያህል ደብዳቤና 500 ያህል የሒሳብ መዝገብ ትቶ ነበር፡፡ በ1870 ተገኝተው ስለ መካከለኛው ዘመን ንግድ የሚታወቀውን ብዙ ነገር አስተማሩ፡፡ የእኛ ነጋዴዎች ታሪክ ግን በአብዛኛው በሰው አንደበት ነው ያለው፡፡ በ1955 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስድስት ኪሎ ይገኛል፤ ወመዘክርም አለ፡፡ ከመጠቅለያ በፊት እነዚህን መጠየቅ ይቅደም፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መድቡና ወረቀቶቻችሁን በንብረት ለዩ፤ የሰበታው ለብቻ፣ የቡራዩው ለብቻ፡፡ ሁለተኛ፣ በአንድ ገጽ ዝርዝር ጻፉ፤ ያለው፣ የጎደለው፣ በማን ስም እንደሆነ፡፡ ሦስተኛ፣ የጎደለውን ሻጩ በሕይወት ሳለ አሟሉ፡፡ የሻጭ ፊርማ ዛሬ በሻይ ግብዣ ይገኛል፤ ነገ ከወራሾቹ በክስ ነው የሚገኘው፡፡ አራተኛ፣ ስታበድሩ ተበዳሪው ይፈርም፡፡ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው በ10 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ፣ ቁጥር 1845ን አስታውሱ፡፡ አምስተኛ፣ ዋናውን ከቅጂው ለዩ፤ ዋናው በባንክ ሣጥን ወይም በካዝና፣ ቅጂው በሌላ ቤት ይሁን፡፡ ደላላ ዘንድ ዋናው አይደርም፡፡ ስድስተኛ፣ ኑዛዜ ከጻፋችሁ በሕግ በተወሰነው ቦታ አስቀምጡ፡፡ ሰባተኛ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ፡፡

የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ በእኛ አገር ግን ከሁሉ የከበደች ናት፡፡ ነጋዴ ሀብቱን ከሌባ፣ ከግብርና ከምቀኛ ሲደብቅ ኖሮ በመጨረሻ ከገዛ ልጆቹ ደብቆት ይሞታል፡፡ መርከበኛ ግን ፈረቃው ሲያልቅ መዝገቡን ለተተኪው አስረክቦ ነው የሚተኛው፡፡ አባቶችም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት «ይወረሳል» የሚለውን ቃል በከንቱ አልመረጡትም፡፡