ቁጥርና ሚዛን፤ ስለ ሁለት አሮጌ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ኀይልና ዋጋ

እህል የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ጆንያው በሚዛን ላይ ወጥቶ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ፣ እህሉም ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው እንጂ። ይሁንና ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ለመግዛት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሚዛኑን ትቶ በቁጥር ብቻ ይገዛል። ሻጩ «ይህ ባለ 8 ነው፣ ያኛው ግን ባለ 4 ብቻ ነው» ሲለው፣ 8 ከ4 እጥፍ ስለሆነ ዕቃውም እጥፍ ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት፣ በአንድ ዓመት ለገበያ ቀርበው በዋጋም ተቀራርበው የተወዳደሩትን ሁለት ፕሮሰሰሮች ማነጻጸር ይበቃል። ሁለቱም ዛሬ አሮጌ ዕቃዎች ሆነዋል፤ ነገር ግን ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ትምህርታቸው አላረጀም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. የሁለቱ ማንነት

ፕሮሰሰር ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ ትእዛዝ እየተቀበለ ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው ክፍል ነው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ፋብሪካዎች በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የሥራ ክፍሎችን እያስገቡ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር መሸጥ ጀመሩ፤ እያንዳንዱም የሥራ ክፍል «ኮር» ይባላል።

የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የኢንቴል ኩባንያ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ያወጣው ኮር አይ 5-3570ኬ ነው። ይህ ፕሮሰሰር 4 ኮር አለው፤ መደበኛ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት ለጊዜው እስከ 3.8 ይደርሳል። የተሠራበት የጥበብ ደረጃ 22 ናኖሜትር ነው። ሲወጣ ዋጋው 225 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር።

ሁለተኛው የኤ.ኤም.ዲ. ኩባንያ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያወጣው ኤፍ ኤክስ-8350 ነው። ይህ ደግሞ 8 ኮር እንዳለው ተነግሮለት የተሸጠ ሲሆን፣ መደበኛ ፍጥነቱ 4 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው 4.2 ነው። የተሠራበት ጥበብ 32 ናኖሜትር ነው። የመጀመሪያ ዋጋው 195 ዶላር ነበር።

እንግዲህ አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ቢመለከት ፍርዱ ቀላል ይመስለዋል። ኤፍ ኤክስ-8350 በኮር ብዛት እጥፍ ነው፤ በጊጋኸርዝም ይበልጣል፤ በዋጋም በ30 ዶላር ይረክሳል። ታዲያ ኢንቴልን የሚገዛ ሰው ሞኝ ነውን? መልሱ የሚገኘው ቁጥሮቹ ምን እንደሚቈጥሩ በመመርመር ነው።

2ኛ. «ኮር» ሲባል ምን ይቈጠራል?

አንድ ጽሕፈት ቤት 8 የሒሳብ ሠራተኞች አሉት እንበል። ነገር ግን ሠራተኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በ4 ክፍሎች ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያስረዳቸው አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ መዝገብ የሚያስቀምጡበትም መደርደሪያ አንድ ነው፤ የአሥርዮሽ ሒሳብ የሚሠሩበት መኪናም ለሁለቱ አንድ ነው። ተራ የድምርና የቅናሽ ሥራ ሲመጣ ሁለቱም በየፊናቸው ይሠራሉ። የአሥርዮሽ ሒሳብ ሲበዛ ግን መኪናውን መካፈል ግድ ይሆንባቸዋል።

የኤፍ ኤክስ-8350 አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ 4 ሞጁሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ የሙሉ ቁጥር ሒሳብ የሚሠሩ 2 ክፍሎች አሉ። ሁለቱ ግን ትእዛዝ አምጥቶ የሚፈታውን ክፍል፣ የአሥርዮሽ ሒሳብ የሚሠራውን ክፍልና 2 ሜጋባይት የሆነውን የቅርብ ማኅደር በጋራ ይጠቀማሉ። የኢንቴሉ 4 ኮሮች ግን እነዚህ ነገሮች ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ የተሟሉላቸው ናቸው፤ በጋራ የሚጠቀሙበት 6 ሜጋባይት የሆነውን ሦስተኛ ደረጃ ማኅደር ነው። ስለዚህ በአንዱ ካርቶን ላይ ያለው «ኮር» እና በሌላው ካርቶን ላይ ያለው «ኮር» ስማቸው አንድ ቢሆንም መስፈሪያቸው አንድ አይደለም።

ይህ ነገር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ገዢዎች «8 ኮር ተብሎ የተሸጠልን በእውነቱ 8 አይደለም» ብለው በኤ.ኤም.ዲ. ላይ ክስ አቀረቡ። ኩባንያው ክሱን ክዶ ተከራከረ። በመጨረሻም በ2019 ዓ.ም. ጥፋተኛነቱን ሳያምን 12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማና ነገሩ በዕርቅ አለቀ። ነገሩ በዕርቅ ስላለቀ፣ «ኮር» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ አልሰጠበትም። ለነጋዴ ግን ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ገዢና ሻጭ በአንድ መስፈሪያ ሳይስማሙ የተደረገ ሽያጭ ቆይቶም ቢሆን ክርክር ያመጣል።

ጊጋኸርዝም እንዲሁ ነው። ይህ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚረግጥ ይናገራል እንጂ፣ በአንዱ ርምጃ ስንት ሥራ እንደሚፈጽም አይናገርም። ረጅም የሚራመድ ሰው ርምጃው ቢያንስም አጭር ከሚራመደው ሊቀድም ይችላል። ኢንቴሉ በእያንዳንዱ ርምጃ የሚፈጽመው ሥራ ብዙ ስለሆነ፣ በ3.8 ጊጋኸርዝ የ4.2 ጊጋኸርዙን ተወዳዳሪ በነጠላ ሥራ ይቀድመዋል።

3ኛ. በሥራ ሲፈተኑ

በዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ለመመዘን ከሚሠራባቸው ፈተናዎች አንዱ ሲኒቤንች 11.5 የተባለው ነበር። ይህ ፈተና አንድ ሥዕል በሒሳብ ተሠርቶ እንዲወጣ ያዝዛል። በአንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ኤፍ ኤክስ-8350 ወደ 1.1 ነጥብ፣ አይ 5-3570ኬ ደግሞ ወደ 1.6 ነጥብ ያገኙ ነበር። ሁሉም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ግን ኤፍ ኤክስ-8350 ወደ 6.9፣ አይ 5-3570ኬ ወደ 6 ነጥብ ያገኙ ነበር።

የእነዚህ አራት ቁጥሮች ትርጉም ይህ ነው። ሥራው አንድ ከሆነና ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ ኢንቴሉ በአርባ ከመቶ በላይ ይፈጥናል። ሥራው ለብዙዎች ሊከፋፈል የሚችል ከሆነ ግን፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ15 ከመቶ ያህል ይቀድማል። «እጥፍ» የተባለው ብልጫ በሥራ ላይ ሲመዘን 15 ከመቶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለማን ሥራ?» ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ፣ ደረሰኝ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ሥራ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ ለእርሱ አይ 5-3570ኬ ይስማማዋል። የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ፣ ብዙ ፋይል አጭቆ የሚያስቀምጥ ድርጅት ግን ሥራው ለብዙ ኮር ስለሚከፋፈል፣ በኤፍ ኤክስ-8350 መጠቀሙ ያዋጣው ነበር።

4ኛ. ከዋጋው በስተጀርባ ያለ ወጪ

የዕቃ ዋጋ በሚገዛበት ቀን የሚከፈለው ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ነገር፣ በአይ 5-3570ኬ ውስጥ ሥዕል ወደ መስኮቱ የሚያወጣ የግራፊክስ ክፍል ተሠርቶ ገብቷል። ኤፍ ኤክስ-8350 ግን ይህ የለውም፤ ስለዚህ ገዢው ወይ የግራፊክስ ክፍል ያለበትን ማዘርቦርድ መርጦ መግዛት፣ ወይ የግራፊክስ ካርድ ለብቻው መጨመር ነበረበት። ለተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ካርድ የጨመረ ሰው፣ አተርፋለሁ ያላት 30 ዶላር በዚያው ትጠፋበታለች።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ወጪ ነው። ፋብሪካዎቹ የሙቀት መጠኑን ሲያስታውቁ ለአይ 5-3570ኬ 77 ዋት፣ ለኤፍ ኤክስ-8350 125 ዋት ብለዋል። ልዩነቱ 48 ዋት ነው። ኮምፒዩተሩ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን በሙሉ ኀይሉ ቢሠራ 2,400 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ በ48 ዋት ሲባዛ በዓመት 115 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። 10 ኮምፒዩተር ላለው መሥሪያ ቤት 1,152 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በእርግጥ ኮምፒዩተር ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኀይሉ ስለማይሠራ፣ ይህ ስሌት ጣሪያው ነው እንጂ የየቀኑ ልማድ አይደለም። ይሁን እንጂ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ወይም በባትሪ ለሚሠራ ሰው ጣሪያው ራሱ ዋጋ አለው፤ 10 ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ሲበረቱ የሚጨምሩትን 480 ዋት የሚሸከም መሣሪያ ማዘጋጀት አለበትና።

5ኛ. ዘመን ያመጣው ለውጥ

የሁለቱ ውድድር በ2012 ዓ.ም. ብቻ አላበቃም። በጥር 2018 ዓ.ም. ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የጸጥታ ጉድለቶች በይፋ ታወቁ። ስፔክተር የሁለቱንም ኩባንያዎች ፕሮሰሰሮች የሚነካ ሲሆን፣ ሜልትዳውን ግን አይ 5-3570ኬን ጨምሮ የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች ይነካል፤ የኤ.ኤም.ዲ.ን አይነካም። ጉድለቱን ለመድፈን የተደረገው እድሳት በአንዳንድ ሥራዎች ላይ የአሮጌ ኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ፍጥነት ቀንሷል። ስለዚህ የኢንቴሉ ብልጫ ሲገዛ እንደ ነበረው ሙሉ ሆኖ አልቆየም።

በሌላው ወገን ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ የሞጁሉን አሠራር ይዞ አልቀጠለም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ራይዘን የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ኮር የራሱ ትእዛዝ ፈቺና የራሱ የአሥርዮሽ ሒሳብ ክፍል እንዲኖረው አደረገ። ሠሪው አካሄዱን መለወጡ ከብዙ ክርክር ይልቅ የሚያስረዳ ምስክር ነው።

ለዛሬ ገዢ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንዱንም በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ የድርጅቱን የባንክና የደንበኞች ምስጢር በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚይዝ ነጋዴ፣ የጸጥታ እድሳት በሌለው ሥርዓት መሥራት አይገባውም። ሊኑክስን የመሰለ በየጊዜው የሚታደስ ሥርዓት ለመጫን ካልተዘጋጀ፣ የሁለቱም መርከስ ትርፍ አይሆንለትም።

6ኛ. ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተገዛ ዕቃ በችኮላ ይሸጣል። ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ሀ/ ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው? ነጠላ ሥራ ነው ወይስ ለብዙ ኮር የሚከፋፈል?

ለ/ ሻጩ የሚናገረው ቁጥር ምን ይቈጥራል? ሌላው ሻጭ በሚናገረው ቁጥርስ በአንድ መስፈሪያ የተሰፈረ ነው?

ሐ/ ዕቃው ሙሉ ነው ወይስ የግራፊክስ ካርድና ሌላ ተጨማሪ ይፈልጋል?

መ/ የሚጭነው ሥርዓት የጸጥታ እድሳት ያገኛል?

ሠ/ በውስጡ ያለው ማስቀመጫ ምንድር ነው? አሮጌው ኮምፒዩተር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው፣ እርሱን አውጥቶ ኤስ ኤስ ዲ ማስገባት ለተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው ከመዛወር የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ፣ የሚቻል ሲሆን ገዢው የራሱን መዝገብ በፍላሽ ይዞ ሄዶ በሻጩ ፊት ከፍቶ ይሞክረው። የሚጠቀምበትን ፋይል ለመክፈትና ለማስላት የፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይያዝ፤ በሌላውም ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ይድገም። ይህ ፈተና ከየትኛውም ካርቶን ጽሑፍ ይልቅ ታማኝ ነው፤ ሚዛኑ የገዢው፣ የሚመዘነውም የገዢው ሥራ ነውና።

ቁጥርን ማንበብ ለሁሉ የተሰጠ ነው፤ ቁጥሩ ምን እንደሚሰፍር ጠይቆ መረዳት ግን የነጋዴ ሙያ ነው። 8 የተባለው በሥራ ላይ 15 ከመቶ ብልጫ፣ ርካሽ የተባለውም በካርድና በመብራት ወጪ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እህሉን ሳይመዝን የማይገዛ ሰው፣ ኮምፒዩተሩንም እንዲሁ ይመዝን።