የወር አበባ ትምህርት ወጪው ከየት ይመጣል?

ለጉባኤ ውይይትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ጥናት

ለዛሬ የመረጥነው ርእስ በጉባኤ መካከል ብዙ ጊዜ አይነሣም። ሆኖም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን ልጆቻችንን ይመለከታል። የወር አበባዋ የመጣ ተማሪ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ በሩ የሚዘጋ ሽንት ቤትና ውሃ ካላገኘች ከትምህርት መቅረቷ አይገርምም። መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት እንዲሰጥ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ግን ያለ ገንዘብ አይራመድም። ስለዚህ ወጪውን አብረን እንመርምር።

1. እስካሁን ምን ተደረገ?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ያህል ደመወዝተኛ ሠራተኞችን መድቧል። የግል ንጽሕናና የወጣቶች ጤና ከሚያስተምሯቸው ነገሮች መካከል ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በወር አበባ ንጽሕና አጠባበቅ ላይ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚሠሩበትን መመሪያ አወጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረው የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል።

2. ወጪው ሦስት ዓይነት ነው

ሀ. ትምህርቱ። መምህራንን ማሠልጠንና መጻሕፍትን ማሳተም ገንዘብ ይጠይቃል። በምዕራብ ሸዋ ልጆች የሚማሩት በኦሮምኛ ስለሆነ ጽሑፉም በዚያው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። የአስተማሪውና የጤና ሠራተኛዋ ደመወዝ አስቀድሞ የተመደበ ስለሆነ ይህ ክፍል ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፤ የሠለጠነው መምህርም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ስለዚህ ሥልጠናው መደገም አለበት።

ለ. ግንባታው። ለሴቶች የተለየ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ልብስ መለወጫ ክፍልና ማቃጠያ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ይወጣል። በየዓመቱ የሚቀረው ጥገናውና የጉድጓዱ ማስወገጃ ነው።

ሐ. ዕቃው። እስቲ እናስላ። በአንድ ትምህርት ቤት የወር አበባ የሚያዩ 300 ተማሪዎች አሉ እንበል። ለእያንዳንዷ በወር አንድ እሽግ ሞዴስ ቢሰጥ በአሥር ወር 3,000 እሽግ ይሆናል። ይህን በአካባቢያችሁ ሱቅ ዋጋ አባዙት። በሚቀጥለው ዓመትም ያው 3,000 እሽግ ያስፈልጋል።

ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስም አለ። በመቀሌ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በዚህ ሥራዋ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተመርጣለች። እንዲህ ያለው ሞዴስ በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በዚህ ሂሳብ ለ300 ተማሪዎች በሁለት ዓመት 300 ሙሉ እሽግ፣ ለአዲስ ገቢዎችም ጥቂት ተጨማሪ ይበቃል። ታዲያ ማጠቢያ ውሃ፣ ሳሙናና ፀሐይ ላይ ማስጫ ስፍራ ከሌለ ጥቅም አይሰጥም። ዕቃውን ከውሃው መለየት አይቻልም።

3. ገንዘቡ ለምን አይገኝም?

የወረዳ በጀት አብዛኛው በመምህራንና በጤና ሠራተኞች ደመወዝ ያልቃል። ሥራውም በጤና፣ በትምህርት፣ በውሃና በሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መካከል የተከፋፈለ ነው። ሁሉም ይመለከተኛል ይላል፤ የበጀት መደብ የከፈተለት ካልተገኘ ግን ሥራው ይቆማል። የጎረቤታችን ኬንያ ተሞክሮ ያስተምረናል። በ2004 እ.ኤ.አ. በሞዴስ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጃገረዶች ሞዴስ በነጻ እንዲሰጥ በሕግ ደነገገች። አቅርቦቱ መቋረጡ ባይቀርም፣ ሕጉ ስላለ ዜጋው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅበት መሠረት አለው።

ወጪው በበጀት ባይያዝም ከሰው ትከሻ አይወርድም። አባትና እናት ከጤፉ ሽያጭ ይከፍሉታል፤ ካልቻሉም ልጅቷ ባመለጣት ትምህርት ትከፍለዋለች። መንግሥትም ባዶ ለዋለው ወንበር የመምህሩን ደመወዝ ከፍሏል።

4. የእኛ ድርሻ

አንድ ጉባኤ በፍቅር የሚልከው የሞዴስ ካርቶን በአንድ ወር ያልቃል፤ በሁለተኛው ወር ልጅቷ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ስለዚህ የእርዳታ ገንዘባችንን አንድ ጊዜ ለሚሠራው፣ ለውሃውና ለሽንት ቤቱ ብናውለው ይሻላል። በየዓመቱ የሚመለሰው ወጪ በወረዳው መደበኛ በጀት እንዲያዝ እንጠይቅ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ጥያቄው ከመጋቢትና ከሚያዝያ አይዘግይ። ግንባታ ከመጀመራችን በፊትም ሳሙናውን፣ ጥገናውንና የመምህራኑን ሥልጠና ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ እንስማማ።

በየቤቱ የገንዘቡን ከረጢት ብዙ ጊዜ የሚይዙት አባቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶችም ይሰጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት የሴቶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ ይዘጋልን? ውሃስ አለን?
2. ባለፈው ዓመት የሰጠነው እርዳታ ዛሬ ምን ላይ ነው?
3. በወረዳችን ስለዚህ ሥራ የምንጠይቀው መሥሪያ ቤት የትኛው ነው? ማንስ ሄዶ ይጠይቅልን?