ስለ ጥንብ አንሳ አሞራና ስለ ከብት መድኃኒት

ከብት በሚረባበት አገር ሁሉ በየዓመቱ ብዙ ከብት ይሞታል። የሞተው ከብት ወዴት እንደሚሄድ ግን ሹሙም ባለከብቱም አይጠይቅም፤ ከመንደር ውጭ ተጎትቶ ይጣላልና ሌሊት ጅብ፥ ቀን አሞራ ይጨርሰዋል። ደመወዝ የሚከፈልበት ስላይደለ ይህ ነገር እንደ ሥራ አይቈጠርም። ታላቅ ሥራ መሆኑ የታወቀው በሕንድ አገር ሠራተኛው በጠፋ ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ከሕንድ ሕዝብ የሚበዛው የላም ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ላም ወይም በሬ በእርጅናም በበሽታም ሲሞት ቆዳው ይገፈፍና ሥጋው ለጥንብ አንሳ ይተው ነበር። አንድ የአሞራ መንጋ አንዱን ላም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶ ይጨርሰዋል፤ በአሞራ ሆድ ያለውም ኮምጣጣ ፈሳሽ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ከጥንቡ ጋራ የገባውን የበሽታ ተሕዋስ አብዛኛውን ያጠፋዋል። የአሞራው ቍጥር በብዙ ሚሊዮን ይገመት ስለ ነበረ ሊያልቅ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በ1990ዎቹ ዓመታት ግን በራጃስታን በሚገኘው በኬኦላዴኦ ጥብቅ ስፍራ ጥንብ አንሶች አንገታቸውን ወደ ታች ደፍተው በዛፍ ላይ ሲውሉ፥ ኋላም ሞተው ሲወድቁ ታዩ። የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሊቅ የሆነው ቪቡ ፕራካሽ ይህንኑ በ1999 ጽፎ አስታወቀ። ከ1992 እስከ 2007 በተደረገው ቈጠራ፥ ጀርባው ነጭ ከሆነው ዓይነት ከሺሁ አንድ ያህል ብቻ ቀረ፤ የሌሎቹም የሁለቱ ዓይነቶች ከመቶው ወደ 97 የሚሆነው ጠፋ።

መርማሪዎቹ በመጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ብለው ገምተው ነበር። የበሽታው ተሕዋስ ግን ቢፈለግ አልተገኘም። በፓኪስታን አገር በፑንጃብ የሞቱትን አሞራዎች እየከፈተ የመረመረው ሊንዚ ኦክስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፥ በጉበታቸውና በልባቸው ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኘ። ይህም ኩላሊት ሥራውን ሲተው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነው። በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን ገለጡ፤ ኩላሊታቸው ጠፍቶ በሞቱት በ25ቱ አሞራዎች ሁሉ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ተገኘ፤ በሌላ ምክንያት በሞቱት በ13ቱ ግን በአንዱም አልተገኘም። መድኃኒቱን የወሰደ ጎሽና ፍየል ሥጋ የበሉ አሞራዎችም በዚያው ዓይነት ሞቱ።

ዲክሎፌናክ በራሱ መርዝ አይደለም። አስቀድሞ ለሰው ሕመም ማስታገሻ የተሠራ ነው፤ ዋጋው በረከሰ ጊዜ የሕንድ ገበሬዎች ላነከሰ በሬና ጡቷ ላበጠ ላም ይሰጡት ጀመር፤ ከብቱም ተጠቀመበት። ጉዳቱ የሚመጣው ከብቱ መድኃኒቱን ወስዶ ብዙ ቀን ሳይቈይ የሞተ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለ ጥንብ ጥቂት ነው፤ ሊቃውንቱ ያሰሉት ሒሳብ ግን እጅግ ያስደንቃል። አሞራውን ለመጨረስ መድኃኒቱ ያለበት ጥንብ ከመቶው አንድ እንኳ መሙላት አላስፈለገውም፤ ከመቶው ከ0.13 እስከ 0.75 የሚሆነው ይበቃ ነበር። አሞራ ለየብቻው ሳይሆን በመንጋ ስለሚበላ አንዱ ጥንብ ብዙውን ይገድላልና ነው።

ከዚህ በኋላ ጥንቡ በየሜዳው በሰበሰ፤ በወንዝም ተጣለ፤ የውሻ ቍጥር በዛ። ውሻ ሥጋውን ይበላል እንጂ እንደ አሞራ ፈጽሞ አያጠራውም፤ እርሱም ራሱ የእብደትን በሽታ ይሸከማል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ ሰበብ ከውሻ ንክሻ በመጣ እብደት የሞተውን ሰው ከ47,000 በላይ አድርጎ ገመተው። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉት ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2024 ያሳተሙት ግን ከዚህ ይበልጣል። ቀድሞ አሞራ ይበዛባቸው የነበሩትን አውራጃዎች አሞራ ካልበዛባቸው ጋራ አስተያዩና፥ በፊተኞቹ የሰው ሞት ከመቶው ከ4 በላይ ጨምሮ አገኙት። ይህም ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ወደ 500,000 ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሰው መድኃኒቱ አልነካውም፤ የገደለው የአሞራው መታጣት ነው።

የሕንድ መንግሥት ዲክሎፌናክ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለ። ለሰው የተሠራው በትልልቅ ጠርሙስ ይሸጥ ስለ ነበረ ግን ገበሬው እርሱን እየገዛ ከብቱን ይወጋበት ነበርና፥ በ2015 የጠርሙሱ ልክ ከ3 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ታዘዘ። ትእዛዙ ሳይጐድለው የጠርሙሱ መጠን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትእዛዙን እንዳፈረሰው ልብ ይሏል። በምትኩ የተገኘው ሜሎክሲካም የሚባለው መድኃኒት ለከብቱም ይጠቅማል፥ አሞራውንም አይጎዳም፤ ይህም የተፈተነው በአፍሪካው ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ ጭምር ነው። ዲክሎፌናክ ይህንኑ የአፍሪካ አሞራ እንደሚገድለው በዚያው በ2006 ተረጋግጧል።

ይህ አሞራ በኢትዮጵያም ይኖራል። እርሱና ሌሎች ሦስት የአፍሪካ ጥንብ አንሶች፥ በኢትዮጵያም የሚገኙት፥ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በቀረቡት መዝገብ ተጽፈዋል። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው ለጅብና ለውሻ በሥጋ ተቀብቶ የሚጣለው መርዝ ነው። ጅቡም ቢሆን ያለ ጥቅም አይኖርም፤ በመቀሌ ከተማ ተጠንቶ በ2021 በታተመው ሒሳብ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብ ያነሣሉ፤ በዚህም ሰውም ከብትም በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ ይድናል።

እንግዲህ አውራጃ የሚያስተዳድር ሹም በግዛቱ ለከብት የሚሸጠው የሕመም ማስታገሻ የትኛው እንደ ሆነ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋራ ሆኖ ይመርምር። ባለከብትም መድኃኒት ወስዶ የሞተበትን ከብት በጥልቅ ጉድጓድ ያስቀብር። ስለ ውሻ እብደት ሲታሰብ ክትባት ከመርዝ ይቅደም፤ መርዙ ውሻውን ገድሎ በዚያ አያቆምምና።

ጥንብ አንሳ የሚወልደው በዓመት አንድ ዕንቍላል ብቻ ነው፤ ጫጩቱም ለመውለድ ወደ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሕንድ ክልከላው ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ እንኳ አሞራው ወደ ቀድሞ ቍጥሩ አልተመለሰም። የመጥፋቱም ነገር ሊታወቅ የቻለው ፕራካሽ በ1980ዎቹ፥ አሞራው ገና ሞልቶ ሳለ፥ ቈጥሮ ስለ ጻፈ ነው። በየቄራው ደጅ የሚወርደውን አሞራ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በአንድ ወርና በአንድ ሰዓት፥ አስቈጥሮ በመዝገብ ማስጻፍ ለአንድ ወረዳ ከአንድ ጸሐፊ ግማሽ ቀን የበለጠ ወጪ የለውም።