ዜጋን ማን ያስተምረው? በትምህርትና በፖለቲካ ላይ የተደረገ ምልልስ

ጠያቂ፦ የፖለቲካ ፍልስፍና መጻሕፍት ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ከሚናገሩት ባልተናነሰ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲናገሩ ይገኛሉ። መንግሥትን የሚመረምር ፈላስፋ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው ለምንድን ነው፣ መምህር? ነገሩ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች ቢተው ምን ይጎድላል?

መምህር፦ ሕግ በወረቀት ላይ ቢጻፍም የሚኖረው በሰዎች ልማድ ውስጥ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የሚያድግ እንጂ በአዋጅ የሚመጣ አይደለም። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ አንድን ሥርዓተ መንግሥት ከሚያጸኑት ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ዜጎች ከዚያ ሥርዓት ጋር በሚስማማ መንገድ መታነጻቸው እንደሆነና፣ በእርሱ ዘመን ግን ሁሉም ይህንኑ ቸል እንዳሉት ይገልጻል። ሥርዓተ መንግሥት ሲልም ሥልጣን በማን እጅ እንደሚሆንና ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስነውን የአገር አቋም ማለቱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ፣ ከተማው አንድ ዓላማ ካለው ትምህርቱም አንድና የጋራ ሊሆን ይገባል፣ እያንዳንዱ አባት ልጁን ደስ ባለው መንገድ ማስተማሩ አይበቃም ይላል። ባሪያና መጻተኛ ግን ከዜግነት ውጭ ስለነበሩ የጋራ የተባለው ትምህርት የጥቂቶች የጋራ እንደነበረ መርሳት አይገባም።

ጠያቂ፦ እንዲህ ከሆነ ክፉ ሥርዓትም ለክፋቱ የሚስማማ ዜጋ ያንጻል ማለት ነው። አርስቶትል ይህን አላየውም?

መምህር፦ አይቶታል። በዚያው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል መልካም ሰውና መልካም ዜጋ አንድ ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዜጋ መልካም የሚባለው ለሚኖርበት ሥርዓት በሚሰጠው አገልግሎት ስለሆነ፣ ሥርዓቶችም የተለያዩ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ የሚገናኙት እጅግ በተሻለው ሥርዓት ነው፣ በዚያም ቢሆን ለመግዛት በሚበቃው ሰው ላይ ነው። የጉዳዩ ቋጠሮ ይህ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ዣን ዣክ ሩሶም ሊፈታው ሞክሮ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1762 ባወጣው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ሰውን ወይም ዜጋን ከማሳደግ አንዱን መምረጥ ግድ እንደሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ እንደማይቻል ጽፎ፣ እርሱ ራሱ በመጽሐፉ ያለውን ልጅ ከከተማ አርቆ ሰው አድርጎ ማሳደግን መረጠ። ያ መጽሐፍ በዚያው ዓመት በፓሪስም በትውልድ ከተማው በጄኔቫም በባለ ሥልጣናት ትእዛዝ ተቃጠለ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ስለ ፖላንድ መንግሥት ምክር ሲጽፍ ደግሞ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አዞረ፤ የፖላንድ ልጅ በ10 ዓመቱ የአገሩን ምርት፣ በ12 ዓመቱ አውራጃዎቿን፣ መንገዶቿንና ከተሞቿን፣ በ15 ዓመቱ ታሪኳን በሙሉ፣ በ16 ዓመቱ ሕጎቿን ሁሉ ይወቅ ብሎ መከረ።

ጠያቂ፦ አንድ ጸሐፊ ይህን ያህል ሐሳቡን የሚለውጠው ምን ቢያገኘው ነው?

መምህር፦ ሐሳቡን ለወጠ ከማለት የሚያየው አደጋ ተለወጠ ማለት ይሻላል። ፖላንድ በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆራረሰችው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው። መሬቱ ሊወሰድ የተቃረበበት ሕዝብ አገሩን በልጆቹ ልብ ውስጥ ካላኖራት ሌላ የሚያኖርበት ቦታ አልነበረውም። አገር ወዳድነትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲመዘን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም የሚያስተምረው ኃይል አጥቶ የሚጨነቅ ሕዝብ ነው ወይስ ሁሉ በእጁ የሆነ ገዥ የሚለው ነው፤ ያው መዝሙር በሁለቱ ዘንድ የተለያየ ሥራ ይሠራል።

ጠያቂ፦ ብዙዎች ነገሩን የሚጀምሩት ከአርስቶትል መምህር ከፕላቶ ነው። በዚህ ምልልስ እስካሁን አልተነሣም።

መምህር፦ የዘገየው ከሁሉ የከበደው የእርሱ ስለሆነ ነው። የፕላቶ መምህር ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት የሞት ፍርድ የተፈረደበት ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋንም አማልክት አይቀበልም ተብሎ ነው። ፍርዱን የሰጡት የዴሞክራሲያዊቷ አቴና ዜጎች እንጂ የአምባገነን ወታደሮች አልነበሩም። ስለዚህ የፕላቶ ጥያቄ ከተማ መምህሩን እንዳይገድል ምን ይደረግ የሚል ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም፤ መልሱም መምህሩን ማንገሥ ሆነ። «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ለገዥነት የሚታጩት ወንዶችና ሴቶች በልጅነታቸው በሙዚቃና በሰውነት ማሠልጠኛ ያድጋሉ፤ ከ20 እስከ 30 ዓመታቸው ሒሳብና ከእርሱ ጋር የተያያዙ ዕውቀቶችን ይማራሉ፤ ከዚያ አምስት ዓመት ዲያሌክቲክን፣ ማለትም አንድን ሐሳብ በጥያቄና በመልስ እስከ ሥሩ የመመርመርን ጥበብ ያጠናሉ፤ ከዚያም 15 ዓመት በመንግሥት ሥራ ተፈትነው በ50 ዓመታቸው ለመግዛት ይበቃሉ። ዲያሌክቲክን ከ30 ዓመት በታች ላለ ሰው የከለከለውም ወጣት ክርክርን ሲቀምስ እንደ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ በቃል እየጎተተ መቦጫጨቅ ይወዳል ብሎ ነው።

ጠያቂ፦ ሶቅራጥስ ግን በአደባባይ ከወጣቶች ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ነበር። በዚያች ከተማ እርሱ ራሱ ማስተማር ይፈቀድለታል?

መምህር፦ አይፈቀድለትም ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ ፕላቶ መምህሩን ለማዳን በሠራት ከተማ ለመምህሩ ቦታ ጠፋ። ከዚህ የሚብሰው ግን በሰባተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው አጭር አንቀጽ ነው። አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ክፍል መጀመሪያ ስለ ዋሻ የተነገረውን ምሳሌ ካነበበ በኋላ ደክሞት ስለሚደርስበት በፍጥነት ያልፈዋል። በዚያ አንቀጽ አዲሲቱ ከተማ እንዴት ትጀመራለች ለሚለው የተሰጠው መልስ ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ ወደ ገጠር አውጥቶ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ልማድ ርቀው በአዲሱ ሕግ ማሳደግ ነው የሚል ነው። በማግባባት የሚጀመር ከተማ ቢሆን ኖሮ ወላጆቹን ማስወጣት ባላስፈለገ ነበር።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ልጅን ማስተማር ሁሉ ማስገደድ ነው ሊባል ነው?

መምህር፦ አይደለም፤ ልዩነቱን ከሁሉ ይልቅ አጥርታ ያስቀመጠችው በጀርመን ተወልዳ ከናዚዎች ሸሽታ በአሜሪካ የኖረችው ሐና አረንት ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ስለ ትምህርት ቀውስ በጻፈችው ድርሰት፣ ፖለቲካ እኩል የሆኑ ሰዎች በንግግር የሚግባቡበት መስክ እንደሆነ፣ ትምህርት ግን በተፈጥሮው እኩል ባልሆኑ ሰዎች፣ ዓለሙን በሚያውቀው ትልቅ ሰውና ገና በሚገባበት ልጅ መካከል የሚካሄድ እንደሆነ ትከራከራለች። መምህር ልጅን ተቀመጥ፣ አንብብ ማለቱ ግፍ የማይሆነው ልጁ አድጎ ከዚያ ሥልጣን ስለሚወጣ ነው። ያደገውን ሰው ላስተምርህ እያለ የሚገዛ ግን ማስገደዱን በትምህርት ስም ይሸፍናል። አዲስ ሥርዓት በኃይል ሊተክሉ የሚነሡ ሰዎችም ከልጆች የሚጀምሩት ትልልቆቹን የማሳመን ድካም ለመሸሽ ነው።

ጠያቂ፦ በኢትዮጵያስ ይህ የትምህርትና የፖለቲካ መደባለቅ ታይቷል?

መምህር፦ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በሁለት መልኩ ታይቷል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ሲያቋቁም ዋናው ፍላጎቱ የተማረ የቢሮ ሰው ማግኘት ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ መምህራንን ለሥራ ማቆም አድማ አነሣሣ፤ አድማውም ሥርዓቱን ከገለበጡት ንቅናቄዎች አንዱ ሆነ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ፕላቶ ትልልቆቹን ወደ ገጠር ሰድዶ ልጆቹን በከተማ ሲያስቀር፣ ደርግ በተቃራኒው የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም እያለ የሚጮኸውን ወጣት ወደ ገጠር ሰድዶ ከተማውን ለራሱ አስቀረ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዘማቹ ፊደል አስቆጥሯል፣ የገበሬ ማኅበራት እንዲደራጁ ረድቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈውን ገበሬ ገና በጎረመሰ ልጅ «ላንቃህ» ማሰኘት አረንት የተናገረችው መደባለቅ ነው። ከዘማቾቹም ብዙዎች ስለ መሬትና ስለ ሥልጣን በቦታው ያዩት በሬዲዮ ከሚነገረው ጋር አልገጥም ሲላቸው ዘመቻውን ጥለው ሄደዋል።

ጠያቂ፦ መፍትሔው ፖለቲካን ከትምህርት ቤት ደጃፍ መመለስ ነው?

መምህር፦ ደጃፉ ራሱ ፖለቲካ ነው፣ ልጄ። ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይማር የሚለውን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ብሎ ሲመልስ የትምህርት ዘዴን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም አቋም ወስኗል። አረንት ራሷ በዚህ ተሰናክላለች። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ብቻ ወደነበረ ትምህርት ቤት በወታደር ታጅበው ሲገቡ፣ ትልልቆቹ ሸክማቸውን በልጆች ላይ ጫኑ ብላ ጽፋ ነበር፤ ደራሲው ራልፍ ኤሊሰን ግን ጥቁር ወላጆች ልጆቻቸውን ለሚጠብቃቸው ዓለም እያዘጋጁ እንደሆነ ሲመልስላት፣ ኋላ ይህን እንዳልተረዳች በደብዳቤ አምናለታለች። በትምህርትና በፖለቲካ መካከል ያስቀመጠችው ልዩነት ትክክል ነው፤ ግፍ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቆም ግን ልዩነቱ ብቻውን በሩን አይከፍትም።

ጠያቂ፦ ታዲያ መንግሥት ገንዘቡን እያወጣ፣ መምህሩን እየቀጠረ፣ ትምህርቱ ነጻ ነው የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

መምህር፦ ሚዛኑን የተወው ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1792 ስለ ሕዝብ ትምህርት ያዘጋጀውን ዘገባ ለምክር ቤቱ ማንበብ ሲጀምር፣ በዚያው ቀን ንጉሡ በኦስትሪያ ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ለመጠየቅ ስለመጣ ንባቡ ተቋርጦ በማግስቱ ተጠናቀቀ። ዘገባው ትምህርት ከማናቸውም የፖለቲካ ሥልጣን በተቻለ መጠን ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሕገ መንግሥቱ እንኳ ከሰማይ እንደወረደ ጽላት እንዲሰገድለት ሳይሆን፣ እንዳለ ነገር እንዲታወቅ ብቻ መማር አለበት ይላል፤ ዛሬ ያለውን ሕግ አምላኪ ሆኖ የሚያድግ ልጅ ነገ ሊያሻሽለው አይችልምና። መምህራንን የሚሾመውን ከፍተኛ አካል አባላቱ ራሳቸው የሚመርጡት የሊቃውንት ማኅበር እንዲሆንም አሰበ፤ ይህ ግን የሊቃውንት መሳፍንትን ይፈጥራል ተብሎ ተነቀፈ፣ ነቀፋውም ባዶ አልነበረም። ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ባሰረበት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ጠያቂ፦ ይህ ሚዛን በአንድ ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል?

መምህር፦ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት የሚያስተምር የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ይወሰድ። ተማሪው ስለ መብቶች ከተማረ በኋላ ስለ ማሻሻያ የሚናገሩት አንቀጽ 104 እና 105 ላይ ይደርሳል ወይስ መጽሐፉ ከዚያ በፊት ያበቃል? የመብቶቹን ምዕራፍ ለመለወጥ የክልሎች ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት እንዳለባቸው ያውቃል? አውቆስ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ጽፎ ለክፍሉ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል?

ጠያቂ፦ ተማሪው መምህሩ አጥብቆ የሚጠላውን ማሻሻያ ጽፎ ቢያቀርብ ስንት ይሰጠዋል?

መምህር፦ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 «ስለ ነጻነት» በተባለው መጽሐፉ ይህን አስቦበታል፤ መንግሥት በፈተና ሊጠይቅ የሚገባው በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ የቱ ወገን ልክ እንደሆነ ሳይሆን፣ ማን ምን ብሎ እንዳመነና በምን ምክንያት እንዳመነ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ መምህሩ የሚያርመው አንቀጾቹ በትክክል መጠቀሳቸውን፣ የድምፁ ስሌት መግጠሙን፣ ማሻሻያውን የሚቃወሙት ሰዎች ከሁሉ የጠነከረ ክርክራቸው ሳይሸራረፍ መቅረቡን ነው፤ እነዚህን ካሟላ ሙሉ ነጥብ ይሰጠውና ተቃውሞ ካለው በኅዳጉ ላይ ስሙን ጽፎ እንደ ማንኛውም ተከራካሪ ያስቀምጥለታል።