ፓራሹቱ እምቢ ላላት ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ እናትሽ ደውላ «ሮኬቷ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ፣ ምግብም አልበላ አላት» ብላኛለች። ምግቡን ብዪ። የሮኬቱን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርጊ።

1. መጀመሪያ ጣትሽን ጠብቂ። ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያወጣው ባሩድ ካልነደደ አሁንም እዚያው ውስጥ አለ፤ ባትሪውም እየሠራ ሊሆን ይችላል። ለሜዳው የደህንነት ኃላፊ ሳትናገሪ አትጠጊው። ፊትሽን ከቱቦው አፍ መስመር አርቂ፣ ማብሪያውን አጥፊ፣ ጓደኞችሽም አይክበቡት። ፎቶ ግን ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ይነሳ።

2. «ዕድሌ ነው» ከማለትሽ በፊት ስብርባሪውን መርምሪ። ባሩዱ እንዳለ ከተገኘ የአልቲሜትሩ (የከፍታ መለኪያው) የመለኮሻ ትእዛዝ አልደረሰውም፤ የላላ ሽቦ፣ የደከመ ባትሪ፣ ያልበራ ማብሪያ ፈልጊ። የባሩዱ ማስቀመጫ ጠቁሮ ፓራሹቱ ግን እንደታጠፈ ካለ፣ ባሩዱ ነዷል፣ አቅም ግን አጥሮታል፦ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ መጋጠሚያው ጠብቋል፣ ወይ ቱቦዎቹን አያይዘው የሚይዙት ትንንሽ የናይለን ብሎኖች በዝተዋል። የቱቦው ጠርዝ በፓራሹቱ ገመድ እንደ ዚፕ ከተተረተረ ፓራሹቱ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየበረረ ሳለ ነው። ጨርቁ ተቃጥሎ ከተበሳ ደግሞ ከእሳቱ የሚከልለው መሸፈኛ ቦታውን ስቷል። አልቲሜትሩ ከተረፈ መዝገቡን አውጪ። ከፍታን የሚለካው በአየር ግፊት ነውና የቱቦው የአየር ቀዳዳዎች ተደፍነው ከነበሩ ቁጥሩን ሳትጠራጠሪ አትቀበዪው።

3. ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። የናሳዋ የጠፈር መንኮራኩር ጄነሲስ ከፀሐይ የሚነፍሱ ቅንጣቶችን ሰብስባ መስከረም 2004 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ስትመለስ፣ ፓራሹቷን በአየር ላይ ጠልፈው ሊይዟት ሄሊኮፕተሮች ይጠብቋት ነበር። ፓራሹቱ አልተከፈተም፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች የዩታ በረሃ ላይ ተከሰከሰች። ምርመራው ያገኘው ምክንያት የሚያናድድ ነው፦ የፍጥነት ለውጡን አውቀው ፓራሹቱን ማስጀመር የነበረባቸው ትንንሽ ማብሪያዎች ተገልብጠው ተገጥመዋል። ስህተቱ የተጀመረው ከንድፉ ነው፤ ሊያጋልጠው ይችል የነበረው ፈተናም ሳይደረግ ቀርቷል። ሆኖም ሳይንቲስቶቹ ስብርባሪውን አጽድተው ብዙ ዕውቀት አተረፉበት።

4. ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከሚቀጥለው በረራ በፊት ሞተር ሳትጨምሪ፣ ፓራሹቱን ልክ እንደ በረራው ቀን አጥፈሽ፣ ባሩዱን ከርቀት መሬት ላይ ለኩሺው። የሮኬቱ ሁለት ክፍሎች ተለያይተው ገመዱ ካልተዘረጋ፣ ሰማይ ላይ ይሻለዋል ብለሽ አትጠብቂ።

5. ሁለት አልቲሜትር ከገጠምሽ ለየራሳቸው ባትሪ፣ ማብሪያና ባሩድ ስጫቸው። በአንድ ባትሪ የሚሠሩ ሁለት አልቲሜትሮች አብረው ይሞታሉ።

6. በዚህ በረራ የደረጃ ፈተናውን በመውደቅሽ አትፈሪ፤ ሮኬቱ በደህና ካልወረደ የምስክር ወረቀት አይሰጥም፣ ደግሞ መሞከር ግን ይቻላል። በሚቀጥለው በረራ ሞተሩን አታሳድጊ። ጓደኞችሽ «ትልቁን እንጫን» እንደሚሉሽ ከወዲሁ አውቃለሁ። ያገኘሽውን አንድ ጥፋት አስተካክዪ፣ ሌላውን እንደነበረ ተዪው፤ ሁሉንም በአንዴ ከለወጥሽ የቱ እንዳዳነሽ አታውቂም። አዲስ ባትሪም ግዢ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።