ምዕራፍ ሰባት፦ ሌሊቱ ለቃል፣ ቀኑ ለመጽሐፍ

መምህር ወይም አሰልጣኝ መሆን የሚሹ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ልማር?» ብለው ነው። «መቼ ልማረው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ሁለተኛውን ጥያቄ ለዘመናት ሲመልስ ኖሯል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማ መጽሐፉን ድጓን የትም ተምሮ የጨረሰ ሰው ለመምህርነት ሲነሣ ቤተ ልሔም ሄዶ ዕውቀቱን ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት እዚያው ጋይንት ባለው ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ዋድላ ባለው ሰለልኩላ፣ አቋቋም ጎንደር እንደሚመሰከር ሁሉ የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም ናት። ከፊደል ተነሥቶ ጉባኤ ዘርግቶ እስከ ማስተማር ያለው መንገድ፣ ሌሎቹ ጉባኤያት ሲጨመሩበት ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ተማሪው በእጁ ሰዓት፣ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሳይኖረው ይህን ያህል ዘመን ሳይባክን እንዴት ያልፋል? የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓት የሚችለው ሥራ ስለሚሰጠው ነው።

መምህር የሚያድግበት ቤት

የስማዳ፣ የእስቴ ወይም የጋይንት ገበሬ ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው ከመንደሩ ሳይርቅ ነው። ፊደል ይቆጥራል፤ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ቀን ከከብት ኋላ የዋለ ልጅ ማታ ጸሎቱን በቃሉ ይማራል። ሥራና ትምህርት ጊዜ ተካፍለው እንደሚኖሩ ገና በዚህ ዕድሜው ያየዋል።

ዳዊት ከደገመ በኋላ ብዙውን ጊዜ አገሩን ይለቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ ስሙ የተጠራ መምህር ወዳለበት ደብር ይሄዳል። ስደቱ ለጊዜ አጠቃቀም ትልቅ ጥቅም አለው። በአገሩ ቢቀር እርሻውም፣ ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ የዘመድ ጉዳዩም በስሙ ይጠሩታል። ማንም በማያውቀው ደብር ግን የሚጠራው ጉባኤው ብቻ ነው። ዛሬ እኛ አገር ጥለን መሰደድ ባያስፈልገንም የምናጠናባትን አንዲት ሰዓት ከሚያውቁን ሰዎችና ከስልካችን ጥሪ ማራቅ እንችላለን።

ይህ ሕይወት ከባድ መሆኑን መሸፋፈን አይገባም። ቆሎ ተማሪ የዕለት ጉርሱን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ ይለምናል፤ ቀፈፋ ይሉታል። ረኀቡ፣ ብርዱ፣ እከኩ፣ የውሻው ንክሻ ያለ ነው። ከቀኑ ብዙው ክፍል በመንገድ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ ለየኔታ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ማሳ ማረም አለ። ለትምህርት የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ በመሆኑ ሥርዓቱ ጥብቅ ሊሆን ግድ ሆኗል። ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ሥርዓት ላያስፈልገው ይችላል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ያለ ሥርዓት አይዘልቅም።

ዓመቱ፣ ሳምንቱ፣ ቀኑ

ተማሪው የሚማራቸው መጻሕፍት ራሳቸው በጊዜ የተከፈሉ ናቸው። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ዕለታት ተደልድሏል፤ ዳዊትም በየዕለቱ ተከፍሎ ይጸለያል። ድጓው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል። ከመስከረም 1 የሚነሣው ክፍል ዮሐንስ ይባላል፤ ቀጥሎ አስተምሕሮ፣ ለዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ፣ ከትንሣኤ ወዲህ ፋሲካ ይመጣሉ። ድጓ ያዘለቀ ሰው የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ከነዜማቸው በልቡ ይዟል ማለት ነው። ነገ ምን እንደሚባል ለማወቅ ማስታወሻ መግለጥ አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የዕቅድ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኞቻችን ዛሬ የምንሠራውን ዝርዝር ጠዋት ላይ እንጽፍና ማታ ግማሹን ለነገ እናስተላልፋለን። የቤተ ልሔም መንገድ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ መጀመሪያ ዓመቱ በክፍል ይከፈላል፣ ከክፍሉ ሳምንቱ፣ ከሳምንቱ ዕለቱ ይወጣል። መምህር ለመሆን የሚዘጋጅ ሰውም የዓመቱን ትምህርት በአራት ከፍሎ፣ በየሩቡ የሚጨርሰውን አንድ ነገር ቢወስን የዕለቱ ዝርዝር ራሱ ያጥራል።

ቀኑም በተራው ይከፈላል። ሌሊት መብራት ስለሌለ መጽሐፍ አይነበብም፤ ስለዚህ ሌሊቱ የቃል ትምህርት ነው። ዶሮ ሳይጮህ የተነሣው ተማሪ በጨለማ የያዘውን ያነበንባል፤ በበዓል ቀን ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። ሲነጋ ብርሃኑ ለመጽሐፍ ይሆናል፤ ተማሪው ድጓውን ዘርግቶ ምልክቱን እያየ ዜማውን ያወጣል፣ ተራው ሲደርስም ከየኔታ ፊት ይቀጽላል። ድምፅና ዐይን ሲደክሙ የእግርና የእጅ ሥራ ይመጣል፤ ቀፈፋው፣ እንጨቱ፣ ውኃው። ሰዓቱ ከደብር ደብር ቢለያይም መርሁ አንድ ነው፤ ጨለማ ለማይታይ ነገር፣ ብርሃን ለሚታይ ነገር፣ የድካም ሰዓት አእምሮን ለማያደክም ሥራ ይሰጣል።

እኛ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን። ጠዋት አእምሯችን ትኩስ ሳለ መልእክት ስንመልስ እንቆይና ማታ ደክሞን ከባዱን መጽሐፍ እንገልጣለን። ከዚያም «ትምህርት አይገባኝም» እንላለን። ጥፋቱ ከሰዓቱ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከአዲሱ በፊት ክለሳ

ድጓ ረጅም ነው። በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉት ምልክቶች ከቃላቱ በላይ ይቀመጣሉ። ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ምልክቱ ቢኖርም ዜማው የሚኖረው በሰው ልብ ነውና ትናንት የያዘውን ያልከለሰ ተማሪ ዛሬ አዲስ ቢጨምር የሚጨምረው በወለቀው ላይ ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምረቶችን በራሱ ላይ እየሞከረ የመርሳትን ፍጥነት ለካ። የተማርነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ ክለሳው በቀናት ሲከፋፈልም በአንድ ጊዜ ከማጨናነቅ እንደሚሻል አገኘ። ማታ ከየኔታ የተቀበለውን ቀለም ሌሊት የሚያነበንብ፣ ጠዋት መልሶ የሚያሰማ ተማሪ ይህንኑ በኑሮው ሲሠራበት ቆይቷል።

እየተማሩ ማስተማር

በአብነት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ብዙ ደረጃ ያላቸውን ተማሪዎች በአንድ ቀን ያስተናግዳል። ይህ የሚቻለው ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ስለሚያስቀጽል ነው። ጾመ ድጓ የያዘው ልጅ ገና ጸሎት ለሚማረው ያስተምራል፤ የኔታ ደግሞ ለማዝለቅ የቀረበውን ይሰማሉ። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆች ልጆችን የሚያስተምሩበትን ዘዴ ሲያስፋፋ እንደ ታላቅ ብልሃት ተቆጥሮለት ነበር።

የመምህሩን ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ልማድ ለአስተማሪው ተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ታናሹ ሲሳሳት የራሱን ጉድለት ያይበታል። መምህርነት ምስክር በተቀበለበት ቀን የሚጀምር ሥራ ስላልሆነ፣ ጉባኤ ሲዘረጋ የብዙ ዓመት ልምድ ይዞ ነው።

በስፖርቱ ዓለምም ባሉበት ሆነው ማስተማር የጀመሩ ሰው አሉን። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእጃቸው አልፈዋል። ታላቅ አሰልጣኝ ለመሆን ታላቅ ስታዲየም አልጠበቁም፤ በነበሩበት ከተማ፣ በነበሯቸው ልጆች ጀመሩ።

የዚህ ሳምንት ልምምድ

1. ለመጪው ዓመት የምትማሩትን በአራት ክፍል ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ በእጃችሁ የሚገኘውን አንድ ውጤት ብቻ ጻፉ፤ የተዘጋጀ ትምህርት፣ ያለቀ መጽሐፍ፣ የሠለጠነ ቡድን ሊሆን ይችላል።

2. ለሦስት ቀን አእምሯችሁ ትኩስ የሚሆንበትን፣ የሚደክምበትንና እጃችሁ ብቻ የሚሠራበትን ሰዓት መዝግቡ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ከባዱን ጥናት ወደ ትኩሱ፣ ስልክና ደብዳቤን ወደ ደካማው፣ የቤት ውስጥ ሥራን ወደ ሦስተኛው አዛውሩ።

3. አዲስ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት የትናንቱን መጽሐፍ ዘግታችሁ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ ተናገሩ። ካልወጣላችሁ አዲሱ ይቆይ።

4. ከእናንተ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ አንድ ተማሪ ፈልጉና በሳምንት አንድ ሰዓት አስተምሩት። የጠየቃችሁንና ያልመለሳችሁትን ጻፉ፤ የቀጣዩ ሳምንት ጥናታችሁ እሱ ነው።

5. ምስክራችሁን ምረጡ። የድጓ ተማሪ በልማዱ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ስሕተቱን ከሚያውቅ ሊቅ ፊት ይቀርባል እንጂ በወዳጆቹ አድናቆት መምህር አይባልም። እናንተም ሥራችሁን ሳያቆላምጥ የሚያርም አንድ ሰው ፈልጉ፤ የምትቀርቡበትን ቀን ዛሬውኑ ለእሱ ወይም ለእሷ ንገሩ። ቀኑ ከተነገረ በኋላ ለመለወጥ የእናንተ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ዓመቱን በአራት የከፈላችሁት ዕቅድም ከወረቀት የሚወርደው ያኔ ነው።