መቶ ሺህ ብር ቢኖረን የትኛውን ብዕር እንመርጣለን? የቀለም ብዕር ፊዚክስ በደጋ አገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ተነሥቼ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ተጓዝኩ። በቦርሳዬ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቴን ስጨርስ ለመታሰቢያ የገዛሁት ውድ የቀለም ብዕር በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ ቀለሙ እስከ ግማሽ ድረስ ነው። እንደ ደረስኩ የተማሪዎችን የውጤት መዝገብ ልፈርም ክዳኑን ስከፍት አንድ ትልቅ ጠብታ መዝገቡ ላይ ወደቀና የሦስት ተማሪዎችን ውጤት ሸፈነ። ሦስቱንም ውጤቶች ከፈተና ወረቀቶቹ እንደገና መልቀም ግድ ሆነብኝ።

መጀመሪያ የወቀስኩት ብዕሩን ነበር። ማታ ነገሩን ሳሰላስለው ግን አፈርኩ። በዚያው ሳምንት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቦይልን ሕግ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬ ነበርና። ብዕሩ ሕጉን አክብሮ ሠርቷል፤ የዘነጋሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ምናባዊ ጥያቄ እናንሣ። መቶ ሺህ ብር ለአንድ የቀለም ብዕር ብቻ ቢፈቀድልንና የምንኖረውም በአዊ ዞን ደጋማ ከተሞች ቢሆን፣ የትኛውን እንመርጣለን? የዋጋ ዝርዝር ከማየታችን በፊት ብዕሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመርምር።

1. ቀለሙን ወደ ወረቀት የሚያወርደው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «የመሬት ስበት ነው» ይላል። መልሱ ከፊል እውነት ብቻ ነው፤ ስበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈስስ ነበር። ዋናው ኃይል ካፒላሪነት ይባላል። ፈሳሽ በገጽ ውጥረቱ የተነሣ ወደ ጠባብ ስንጥቅ በራሱ ይሳባል፤ በዚያም ተይዞ ይቆያል።

ይህን የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በብራና ላይ የሚጻፍበት የመቃ ብዕር ጫፉ ተቀርፆ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ይቆያል፤ ጫፉ ብራናውን ሲነካ ደግሞ ወደ ብራናው ይሳባል። የዘመናዊው ብዕር የብረት ጫፍ (ኒብ) የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

በሁለት ትይዩ ገጾች መካከል ፈሳሽ የሚወጣበት ከፍታ እንዲህ ይሰላል፦

ከፍታ = (2 × የገጽ ውጥረት) ÷ (እፍግታ × የስበት ፍጥንጥነት × የስንጥቁ ስፋት)

የቀለሙን የገጽ ውጥረት 0.05 ኒውተን በሜትር፣ እፍግታውን እንደ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የስንጥቁን ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ብናደርግ ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የብዕሩ ጫፍ ከዚህ እጅግ ያጠረ ስለሆነ ስንጥቁ ቀለሙን ለመሳብም ለመያዝም አያንሰውም።

ሁለተኛው ችግር አየር ነው። ቀለም ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄድና ቀለሙ ይቆማል። አየር ያለ ልክ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ይፈስሳል። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘው ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ቀለም አቀባይ በመሥራቱ ነው። ቀለም ወደ ታች፣ አየር ወደ ላይ በልክ እንዲተላለፉ ያደርጋል። ዛሬ በብዙ ብዕሮች ጫፍ ሥር የምናያቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ክፍተቶችም ትርፍ ቀለም ለጊዜው ተቀብለው የሚይዙ ናቸው።

2. የባሕር ዳሩ አየር እንጅባራ ሲደርስ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ ዳንግላ ወደ 2,140 ሜትር፣ እንጅባራ ወደ 2,560 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት ግፊቱ በቅደም ተከተል 81.5፣ 78 እና 74 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። የቦይል ሕግ የሙቀት መጠን ካልተለወጠ ግፊት ሲባዛ በይዘት ቋሚ ነው ይላል።

ማጠራቀሚያው 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብዕር በባሕር ዳር ግማሹ ቀለም፣ ግማሹ አየር ነበር እንበል። እንጅባራ ሲደርስ አየሩ፦

0.5 × 81.5 ÷ 74 = 0.55 ሚሊ ሊትር

ጭማሪው 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ይህም አንድ ጠብታ ያህል መሆኑ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የወደቀው እንግዲህ ይኸው ጠብታ ነበር!

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ተጓዥ ፈተናው ይበረታል። መኪናው በዓባይ በረሃ ወደ 1,050 ሜትር ይወርድና ደጀን ሲደርስ እንደገና ወደ 2,450 ሜትር ይወጣል። ሲወርድ አየር ወደ ብዕሩ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ግፊቱ ከ89 ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ስለሚቀንስ አየሩ 19 በመቶ ያህል ይለጠጣል።

ሙቀትም ድርሻ አለው። በቀዝቃዛ ጠዋት 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የነበረ ብዕር በእጅ ተይዞ 33 ዲግሪ ቢደርስ፣ በኬልቪን ሲሰላ ከ288 ወደ 306 ማለት ስለሆነ፣ አየሩ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚለጠጠው አየሩ ስለሆነ በብዕሩ ውስጥ ያለውን አየር መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከጉዞ በፊት ብዕሩን መሙላት ወይም ጨርሶ ባዶ ማድረግ። በጉዞ ላይም ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ከጫፉ ቀጥሎ ያለው አየር ስለሆነ ቀለሙን ሳይገፋ ይወጣል።

3. የምርጫ መለኪያዎች

ሀ. የማጠራቀሚያው መጠን። ጀርመናዊው ፔሊካን እ.ኤ.አ. በ1929 በፒስተን የሚሞላ ብዕር ለገበያ አቅርቧል፤ ብዙ ቀለም ይይዛል። በርሜሉ በሙሉ በጠብታ የሚሞላ ብዕር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ነገር ግን 3 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብዕር 2 ሚሊ ሊትር አየር ሲኖረው ከላይ ባየነው የ6 በመቶ ጭማሪ ብቻ 0.12 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት ጠብታ በላይ ይገፋል። ለደጋ አገር ተጓዥ ትልቅ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም።

ለ. ወርቅ ወይስ ብረት? ወርቅ በቀድሞዎቹ አሲድነት ያላቸው ቀለሞች ስለማይበላ ተመራጭ ነበር። ዛሬ ግን የማይዝግ ብረት ለተለመዱት ቀለሞች በቂ ነው። ወረቀቱን የሚነካው ነጥብም በወርቁም ሆነ በብረቱ ብዕር ላይ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ጠንካራ ቅይጥ ብረት የተሠራ ነው። የጫፉ ልስላሴ ከብረቱ ዓይነት ይልቅ በቅርፁና በውፍረቱ ይወሰናል።

ሐ. የፊደላችን ጠባይ። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ወፍራም ጫፍ ያምር ይሆናል። የ«ሜ»ን ትንሽ ቀለበት ግን እናስብ። የቀለበቷ አጋማሽ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረውና በ0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብንጽፈው በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በተለመደው የደብተር ወረቀት ላይ ቀለሙ በቃጫዎቹ መካከል፣ በዚያው በካፒላሪነት፣ ስለሚሰራጭ ክፍተቱ ይደፈናል። በ0.4 ሚሊ ሜትር ብንጽፈው ግን 0.6 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ስለዚህ ቀጭን ጫፍ እንመርጣለን። የጃፓን ብዕሮች ቀጭን ጫፍ ከአውሮፓውያኑ ይልቅ የቀጠነ መሆኑ ለእኛ ይጠቅመናል።

መ. ክዳኑ። በበጋ ደረቅ አየር ትነት ይፈጥናል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ጫፉ ይደርቃል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከጥላሸት የሚዘጋጀው የብራና ቀለም እጅግ ድንቅ ቢሆንም በቀለም ብዕር ውስጥ አይጨመርም። ጥላሸቱ በውኃ አይሟሟም፤ ሲደርቅ ቦዮቹን ይደፍናል። ለዚህ ብዕር የሚስማማው በውኃ የሚሟሟ ቀለም ነው።

4. እንግዲህ የትኛው?

እኔ የምመርጠው የጃፓኑን ፕላቲነም 3776 ሴንቸሪ ባለቀጭን ጫፉን ነው። ስሙ የተወሰደው 3,776 ሜትር ከፍታ ካለው ከፉጂ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ይህ ሞዴል ቀለሙ እንዳይደርቅ አጥብቆ የሚዘጋ ውስጣዊ ክዳን አለው። መምጠጫው ትንሽ ስለሆነ በውስጡ የሚኖረው አየርም ትንሽ ነው። ጫፉ ባለ14 ካራት ወርቅ ነው፤ የመረጥኩት ግን ለወርቁ አይደለም።

ከመቶ ሺህ ብሩም የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ የሌለው ተማሪ ቀጭን የብረት ጫፍ፣ አነስተኛ መምጠጫና የሚገጥም ክዳን ያለው ርካሽ ብዕር ቢገዛ፣ ከጉዞ በፊት ሞልቶ ጫፉን ወደ ላይ ቢይዝ፣ እኔ በዚያች ቀን ውዱን ብዕሬን ይዤ ከነበርኩበት ሁኔታ በተሻለ ይጽፋል። ገንዘብ ብዕሩን ይገዛል፤ የአየሩን ግፊት ግን አይለውጥም።

5. ለመለማመጃ

1ኛ. 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብዕር በዓባይ ድልድይ ላይ 0.2 ሚሊ ሊትር አየር ነበረው። ደጀን ሲደርስ ስንት ቀለም ሊገፋ ይችላል? (መልስ፦ 0.037 ሚሊ ሊትር ያህል፤ ከአንድ ጠብታ ያነሰ።)

2ኛ. ሁለት ንጹሕ ጠፍጣፋ መስታወቶችን አጋጥማችሁ በአንድ ጎናቸው መካከል የክብሪት እንጨት አስገቡ፤ በሌላው ጎን አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዚያም ቀለም በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ አቁሟቸው። ውኃው በየትኛው ጎን የበለጠ ይወጣል? የሚሠራውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ሳሉና በክፍል 1 ካለው ቀመር ጋር አስተያዩት።